«ምጽዋት» የሚለው ቃል ምን ይመሰክራል?



ተማሪ ሳለሁ «ምጽዋት» «መጽወተ» ከሚለው የግእዝ ግስ የተገኘ ስም ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቃሉ በተገኘበት በአረማይክ ሥሩ «አዘዘ» የሚል ትርጉም አለው፤ «ም» ባዕድ መነሻ፣ «ት» ደግሞ የአንስታይ ጾታ መድረሻ ነው። ቃሉ ወደ ግእዝ ሲገባ ሁለቱም እንደ ሥር ፊደላት ተቆጠሩና ከስሙ ግሱ ተወለደ። ውሰቱን የሚያጋልጠውም ይኸው ነው።

ታዲያ ማን አመጣው? «ሃይማኖት»፣ «ኦሪት»፣ «ጣዖት» እና ይህን የመሳሰሉ የአረማይክ ቃላት ተሰዓቱ ቅዱሳን ከሶርያ ለመምጣታቸው ማስረጃ ተደርገው ሲጠቀሱ ኖረዋል። ሐንስ ያኮብ ፖሎትስኪ የተባሉት ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጽሑፍ ቃላቱ ወደ አይሁድ አነጋገር እንደሚያመሩ ተከራከሩ። «ምጽዋት» ክርክሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሶርያውያን ክርስቲያኖች ለድኻ የሚሰጠውን የሚጠሩት ከ«ጽድቅ» ጋር በሚዛመድ ሌላ ቃል ነው፤ «ትእዛዝ» ማለት የነበረው ቃል ወደ «ለድኻ መስጠት» የዞረው በአይሁድ ዘንድ ነው።

ይህ ብቻውን አይሁድ በአክሱም እንደነበሩ አያረጋግጥም፤ አነጋገራቸውን የወረሱ ክርስቲያኖችም ሊያመጡት ይችላሉና። ተሰዓቱ ቅዱሳን ከሶርያ አልመጡም አያሰኝም፤ ይህ ቃል ለዚያ ምስክር ሊሆን አይችልም እንጂ። ስለዚህ እላችኋለሁ፦ የተዋሰ ቃል ስታገኙ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ ብቻ ሳይሆን የማንን ፍች ይዞ እንደመጣም ጠይቁ።