ከመድኑ ውጭ የቀረ ሕመም፦ የሱስ ሕክምናና የሕዝብ ገንዘብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271/2005 መድኑ የማይሸፍናቸውን አገልግሎቶች ይዘረዝራል። ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና፣ የውበት ቀዶ ሕክምና፣ መነጽር፣ የአካል ንቅለ ተከላ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከእነዚሁ ጋር በአንዲት አጭር ሐረግ ዕፅን አላግባብ ከመጠቀምና ከሱስ ጋር የተያያዘ ሕክምናም ከሽፋኑ ውጭ ሆኗል። መድኑን የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 690/2002 ትግበራው ለዓመታት ሲንከባለል ስለኖረ፣ ሐረጓ በቀጥታ ከሐኪም ደጅ የመለሰችው ታካሚ ላይኖር ይችላል። ሕግ አውጪው ሱስን በምን ዓይን እንዳየው ግን ከዚህ በላይ የሚናገር ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳል። ሱስ ባለቤቱ ፈልጎ ያመጣው፣ ስለዚህም በራሱ ኪስ የሚወጣው ጣጣ ተደርጎ ተቆጥሯል።

በከተማችን ስለ ሱስ ሕክምና ሲነሳ ነገሩ ወዲያው «ማገገሚያ ማዕከል ይሠራልን» ወደሚል ጥያቄ ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከሕንፃው በፊት ከፋዩ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት የሚል ነው። ከፋይ የሌለው ማዕከል ተመርቆ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ በሁለተኛው ዓመት መድኃኒት ያልቅበታል።

ንፋስ ስልክ ላፍቶን ለማሳያነት የመረጥኩት ገንዘቡ የሚመነጭበትንም የማይደርስበትንም በአንድ አካባቢ ስለሚያሳይ ነው። መካኒሳ ላይ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ አለ፤ ድርጅቱ ለአሥርት ዓመታት በመንግሥት ባለቤትነት ኡዞና ጂን ሲያመርት የኖረ ነው። ወደ ጀሞ ሲወጡ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ያሉት ጫት ቤቶች ረፋዱ ላይ በለጬውና ገለምሶው ሲደርስላቸው ይሞቃሉ። ከሰዓት በርጫ ነው፤ ማታ ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ ይከተላል፤ ሌሊቱን ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ያለው ወይም ዱካክ የሚያስጨንቀው ሰው ክኒን ማፈላለግ ይጀምራል። ሱስ አንዱ ሌላውን እየጠራ የሚመጣ መሆኑን የሰፈሩ ሰው ከባለሙያው እኩል ያውቃል። የመንግሥት አሠራር ግን ጫቱን ለግብር ሰብሳቢው፣ መጠጡን ለንግድ ቢሮው፣ ክኒኑን ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው፣ ሰውየውን ደግሞ ለፖሊስ ወይም ለቤተሰቡ አከፋፍሎ ሰጥቷቸዋል።

ትልቁ ሸክም የትኛው እንደሆነ መሸፋፈን አያስፈልግም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከወንዶች 27 በመቶው፣ ከሴቶች 12 በመቶው በሕይወታቸው ጫት ቅመው ያውቃሉ፤ መጠጥ የቀመሱት ከዚህም ይበልጣሉ። ትራማዶል፣ ፔቲዲን፣ ሞርፊንና ሄሮይን፣ ማለትም ኦፒዮይድ የሚባሉት፣ ከእነዚህ አንጻር የጥቂቶች ችግር ናቸው። ቢሆንም የገንዘብ አመዳደብን ስህተት እንደ እነሱ ፍርጥርጥ አድርጎ የሚያሳይ የለም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሞርፊን ወገን የሆነ ዕፅ የለመደ ሰው ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሰውነቱ ከዕፁ ሲጸዳ፣ ቀድሞ ይችለው የነበረውን መጠን መቻል ያቆማል። ወደ ሰፈሩ ተመልሶ በቀድሞው ልክ ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በጀቱ የአልጋውን ቀናት ብቻ ከፍሎ ከሆስፒታል በኋላ ያለውን ክትትል ከተወ፣ ሕክምናው ታካሚውን ካልታከመው ለበለጠ አደጋ አጋልጦ ሊያስወጣው ይችላል። በጫትም ሆነ በመጠጥ እንዲህ ያለ የሂሳብ ግድፈት ዋጋው ብዙ ጊዜ ማገርሸት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሞት ነው።

ለኦፒዮይድ ሱስ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው መድኃኒቶች ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷቸዋል። ሜታዶን በተለይ በሕክምናው መጀመሪያ ጤና ባለሙያ ፊት በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ይህን በአዲስ አበባ ካርታ ላይ እንየው። የከተማዋ ዋነኛ የአእምሮ ሕክምና መስጫ ሆኖ የኖረው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ነው። የጀሞ ሰው እዚያ ለመድረስ ሜክሲኮ ወርዶ፣ ሌላ ታክሲ ተሰልፎ፣ ወደ መርካቶ መሻገር አለበት። ይህን በወር አንዴ የሚያደርግ ቤተሰብ ጠንካራ ነው። በየቀኑ አድርግ የሚባል የቀን ሠራተኛ ግን ከሥራውና ከሕክምናው አንዱን ይመርጣል፤ የትኛውን እንደሚመርጥም አይጠፋንም። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጠው እንኳ የታክሲውና የሚቀርበት የቀን ደሞዙ ወጪ አለ። የወጪ ጥናቶች ብዙ ጊዜ ይህን አይቆጥሩም።

ታንዛኒያ በዳሬሰላም ሙሂምቢሊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኬንያ ደግሞ በ2014 መጨረሻ የሜታዶን ሕክምና ጀመሩ። ሁለቱም በአፍሪካ ሲወደሱ የኖሩ ሥራዎች ናቸው፤ በአብዛኛው የቆሙትም ለኤች አይ ቪ መከላከል በተሰጠ የአሜሪካ ገንዘብ ነው። ይህ ሞዴል ለእኛም ሲያጓጓ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ድንገት ሲያቋርጥ እዚህ አገር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። የኤች አይ ቪ አገልግሎት ያን ያህል ከተናጋ፣ ፖለቲካዊ ወዳጅ የሌለው የሱስ ሕክምና በዕርዳታ ላይ ቢመሠረት ዕጣው ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ታዲያ የአገር ውስጡ ገንዘብ የት አለ? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 በመግቢያው ታክሱ ከሚጣልባቸው ምክንያቶች አንዱ ዕቃዎቹ ጤናን የሚጎዱና ማኅበራዊ ችግር የሚያስከትሉ መሆናቸው እንደሆነ ይናገራል። በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1186 ሲተካ የሲጋራው ጫና ከፍ ብሏል። ጫትም የራሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 767/2004። መንግሥት ጉዳቱን በሕግ አምኖ፣ በጉዳቱ ስም ይሰበስባል ማለት ነው። የተሰበሰበው ወደ አጠቃላይ ግምጃ ቤት ይገባና ከዚያ ወዲያ ጉዳቱ ከገንዘቡ ጋር አይገናኝም።

የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች እዚህ ላይ የሚያነሱት መቃወሚያ የታወቀ ነው፤ ገቢን ለአንድ ዓላማ አስቀድሞ ማሰር የበጀት ነፃነትን ያጠብባል ይላሉ። መቃወሚያው ክብደት አለው፤ በአገራችን ግን አሠራሩ እንግዳ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ የሚሰበስበውን ለመንገድ ጥገና ያውላል። መንገድ የሚያበላሸው መኪና ለመንገድ ከከፈለ፣ ጠርሙሱ ለጉበቱ የማይከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቋቋመችው የጤና ማበልጸጊያ ፈንድ በመጠጥና በትምባሆ ኤክሳይስ ላይ 2 በመቶ ጭማሪ ጥላ መከላከሉን ስትደጉም ኖራለች። ተቃራኒው ምሳሌ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 46 ግዛቶች ከትምባሆ ኩባንያዎች ጋር ከተዋዋሉት ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ፣ ማጨስን ለመከላከል የዋለው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው የግዛቶቹን የበጀት ጉድለት ደፈነ። በኋላ በኦፒዮይድ አምራቾችና አከፋፋዮች ላይ የተገኘው ካሳ አብዛኛው ለሕክምናና ለመከላከል እንዲውል በውሉ ላይ የተጻፈው ከዚያ ተሞክሮ ተነስቶ ነው። የእኛም ጭማሪ በአዋጁ ላይ የወጪ መስመሩ ካልተጻፈ ወደዚያው መሄዱ አይቀርም።

ገንዘቡ ቢገኝ መድረስ ያለበት የወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያዎች ከውስጥ ገቢያቸው መድኃኒት ይገዛሉ፤ በተዘዋዋሪ ፈንድ የሚሠራ ኃላፊ ደግሞ ቶሎ የሚሸጠውን ማዘዙ አይፈረድበትም። የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የክትባትና የወሊድ አገልግሎቶች ከዚህ ስሌት ያመለጡት በነፃ እንዲሰጡ በሥርዓቱ ስለተወሰነ ነው። ሱስ ከእነዚህ መሃል አይደለም። ከባድ ጠጪ መጠጡን በድንገት ሲያቆም የሚመጣበትን መንቀጥቀጥና መቃዠት ለመከላከል የሚያስፈልጉት ዲያዜፓምና ታያሚን ርካሽ ናቸው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር የሠለጠነ ነርስም ብዙውን ታካሚ ሊያክም፣ የከበደበትን ሊልክ ይችላል። ኢትዮጵያ መርሐ ግብሩን መሞከር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የጎደለው የነርሷን ጊዜ የሚገዛ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚተካ፣ ከአልጋ የወጣውን ሰው ስልክ ደውሎ «የት ደረስክ?» የሚል ሰው ደሞዝ የሚከፍል መስመር ነው። ይህ በሌለበት ቤተሰብ የቻለውን ያደርጋል። አንዱ ጠበል ይወስዳል፤ አንዱ ከዕቁቡ አውጥቶ ለግል ክሊኒክ ይከፍላል፤ አንዱ ልጁን ቤት ይቆልፍበታል።

ስለ መከላከል ብዙ አልልም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ አውርዷል፤ ሽያጩንም ከ21 ዓመት በታች ላሉ ከልክሏል። ከትምህርት ቤት ንግግርና ከፖስተር ይልቅ በዚህ ዓይነቱ ሕግ ላይ ብተማመን እመርጣለሁ። የሚያስፈልገውም በየሱቁ የሚዞር ተቆጣጣሪና የእሱ የነዳጅ ወጪ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 በአደንዛዥ ዕፅ ላይ ብርቱ ነው፤ ቁጥጥሩን ይበልጥ ለማጥበቅ ስንነሳ ሞርፊን የሚያስፈልገው የካንሰር ታማሚ አብሮ እንዳይታሰር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ጥናት በዓለም ከተሠራጨው 298.5 ሜትሪክ ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ለድሃ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። እኛ ዘንድ የሕመም ማስታገሻው እጥረትና የትራማዶል አላግባብ መጠቀም በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የኤክሳይስ ጭማሪውን ለማሰር አዋጅ፣ ለአዋጁም የተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ያስፈልጋል፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። የመድኑ ሐረግ ግን የተጻፈው በደንብ ነው። ደንብን የሚያሻሽለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ራሱ በመሆኑ፣ የማኅበራዊ ጤና መድን መዋጮ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ያቺን አንድ ንዑስ አንቀጽ መሰረዝ ይቻላል። ከተጀመረ በኋላ ግን ከደሞዙ 3 በመቶ የሚቆረጥበት ሠራተኛ በሱስ ለታመመ ልጁ ካርድ ሲያወጣ ከዝርዝሩ ውጭ መሆኑ ይነገረዋል።