ድምፅ የሚውጥ ግድግዳ

እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «ፎግ» የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፈተ። በሕንፃው ውስጥ የነበረው የትምህርት አዳራሽ ግን መምህሩ ተናግሮ ተማሪው የማይሰማበት ሆኖ አረፈው። አይሰማም ማለታችን ድምፅ አንሶ አይደለም፤ በዝቶ ነው። ከአፍ የወጣች ቃል 5.5 ሰከንድ ያህል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስትላተም ትቆያለች። እሷ ሳትጠፋ ተናጋሪው ሌላ 12ም 15ም ቀለም ተናግሮ አልፏል። ጆሮ የትኛውን ይያዝ? በቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ የተቀመጠ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም፤ ድምፅ ማጉያ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ይብሳል።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት መላ እንዲፈልግለት ዋላስ ሳቢን የተባለውን የ27 ዓመት የፊዚክስ መምህር አዘዘው። በዚያ ዘመን የተለመደው መድኃኒት ከጣሪያ ሥር ሽቦ መወጠር ነበር፤ ሳቢን ግን ከንቱ ልፋት መሆኑን ተረዳ። ይልቅ ሌላ ነገር አስተዋለ። ጎረቤት ያለው የሳንደርስ ቴአትር አዳራሽ ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማበታል፤ የፎግ አዳራሽ ቅርጹ የተቀዳውም ከእሱ ነው። ታዲያ ምን ለያቸው? የሳንደርስ ውስጡ እንጨት ነው፤ የፎግ ግን በሸክላ ላይ የተለሰነ።

ሳቢንና ረዳቶቹ ትራም ጋብ ከሚልበት ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሳንደርስን የወንበር ትራሶች እየተሸከሙ ፎግ ያስገባሉ። የኦርጋን ቱቦ ነፍተው በድንገት ያቆማሉ፤ ድምፁ ከጆሮ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካሉ። ሳይነጋ ትራሱን ይመልሳሉ። ወንበሩ ሁሉ በትራስ ሲሸፈን ጊዜው ወደ 2.03 ሰከንድ ወረደ፤ መተላለፊያው፣ መድረኩና የኋላው ግድግዳ እስከ ጣሪያ ሲለብስ 1.14 ሆነ። የለበሰው ልብስ ራሱ ድምፅ እንደሚውጥ ሲደርስበት ብዙ ልኬት ጥሎ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ዓይነት ልብስ ብቻ እየለበሰ ሥራውን እንደ ገና መጀመሩ ይነገራል።

በ1898 ሕጉ ተገለጠለት፤ የድምፁ ቆይታ ከአዳራሹ ስፋት ጋር ይጨምራል፣ ገጽታው ከሚውጠው መጠን ጋር ይቀንሳል። መስፈሪያው የተከፈተ መስኮት ነበር፤ በዚያ የወጣ ድምፅ አይመለስምና። ሰውም ድምፅ ይውጣል፤ ባዶ አዳራሽ ከሞላው ይልቅ የሚያስተጋባው ለዚህ ነው። የፎግ ግድግዳ ከእንስሳ ጠጉር ተጠቅጥቆ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ ለበሰ፤ ግሩም ባይባልም ለማስተማር በቃ። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ገና በወረቀት ሳለ በዚሁ ሕግ ተሰላ።

የፎግ ሕንፃ በ1973 ፈረሰ። ትራሱን ያዋሰው ሳንደርስ ዛሬም አለ።