የሥራ ፈቃድና የቢሊ ሆሊዴይ ድምፅ

አንድ ባለሙያ ችሎታው ሳይጎድል፣ አድማጭም ሳያጣ፣ የሥራ ቦታውን ብቻ ሊነፈግ ይችላል። በአሜሪካዊቷ የጃዝ ድምፃዊት በቢሊ ሆሊዴይ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1915 በፊላዴልፊያ ተወልዳ በባልቲሞር በድህነት ያደገችው ቢሊ መደበኛ የሙዚቃ ትምህርት አልቀሰመችም፤ መምህሮቿ የቤሲ ስሚዝና የሉዊ አርምስትሮንግ ሸክላዎች ነበሩ። በሃርለም ስትዘፍን የሰማት ጆን ሃመንድ በ1933 ከቤኒ ጉድማን ጋር የመጀመሪያ ሸክላዋን እንድታስቀርጽ አደረገ። ድምፅዋ ጉልበተኛ አልነበረም፤ ታላቅነቷ ቃሉን ከምቱ ጥቂት አዘግይታ በመጣልና ዜማውን እንደ ሳክስፎን ነፊ በራሷ ስሜት እንደገና በመቅረጽ ላይ ነበር።

በ1938 ከአርቲ ሾው የነጮች ኦርኬስትራ ጋር ስትሠራ፣ በኒውዮርክ ሊንከን ሆቴል በዕቃ ማመላለሻው አሳንሰር እንድትጠቀም ተገደደች። በተከታዩ ዓመት የመምህሩን የአቤል ሚሮፖልን «እንግዳ ፍሬ» በካፌ ሶሳይቲ መድረክ ዘፈነች፤ ይህም ጥቁሮች በዛፍ ላይ እየተሰቀሉ መገደላቸውን የሚያወግዝ ነው። ኮሎምቢያ ኩባንያ ዘፈኑን አላሳትምም ስላለ፣ ኮሞዶር የተባለ አነስተኛ ድርጅት በሸክላ አወጣው።

በ1947 በአደንዛዥ ዕፅ ተከሳ የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደባት። በመጋቢት 1948 ስትፈታ፣ በዚያው ወር ካርኔጊ አዳራሽን ሕዝብ ሞላላት። አድማጩ በደስታ ሲቀበላት፣ ከተማይቱ ግን አልተቀበለቻትም። ከ1940 ጀምሮ በኒውዮርክ መጠጥ በሚሸጥባቸው የምሽት ክበቦች የሚሠራ ሁሉ አሻራውን ሰጥቶ ከፖሊስ «የካባሬት ካርድ» ማውጣት ይገደድ ነበር። ቢሊ ይህን ካርድ ተነፈገች። በአዳራሽ መዝፈን አልተከለከለችም፤ ነገር ግን የጃዝ ባለሙያ የዕለት እንጀራ የነበረው በክበቦቹ ዘንድ ነው። ስለዚህ በኒውዮርክ እየኖረች፣ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተች። ይኸው ቅጣት በፒያኒስቱ በቴሎኒየስ ሞንክ ላይም ደርሷል።

ውድቀቷን ሁሉ በካርዱ ማመካኘት አይገባም፤ ዕፅና መጠጥ ጤናዋን ጎድተዋል፤ በ1958 በተቀረጸው «ሌዲ ኢን ሳቲን» ላይ የድምፅዋ መሻከር ጎልቶ ይሰማል። ሆኖም የፍርድ ቤቱን ቅጣት የፈጸመች ሰው በቢሮ ውሳኔ ዳግመኛ መቀጣቷ አይካድም። ሐምሌ 17 ቀን 1959፣ በ44 ዓመቷ፣ በኒውዮርክ ሆስፒታል አረፈች፤ በሕመም አልጋዋ ላይ ሳለችም ፖሊስ በቁጥጥር ሥር አውሏት ነበር። የካርዱ ሥርዓት የተሻረው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1967 ነው።

የሥራ ፈቃድ የሙያ ብቃትን ሲመዝን ሕዝብን ይጠብቃል፤ የባለሙያውን ኑሮ መቆጣጠሪያ ሲሆን ግን ሙያውንም ሕዝቡንም ይጎዳል። ቢሊ ክበቦቹ ከተዘጉባት በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖራለች፤ የኒውዮርክ ሕዝብ በእነዚያ ዓመታት ሳይሰማው የቀረውን ዜማ ማንም ሊመልስለት አልቻለም።