የሕፃን ስም በየትኛው ፊደል ይጻፍ?

በሰቆጣና በዋግ ደጋ፥ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክርስቲያን ምድር ሁሉ፥ ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅም በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። በዚያ ዕለት ካህኑ የክርስትና ስም ያወጣል፤ አባትና እናት ግን አስቀድመው የቤት ስም ሰጥተው ይቈያሉ። በቀድሞው ዘመን ይህ ሁሉ በቃል ያልቅ ነበር። ስሙ በአፍ ይጠራል፥ በጆሮ ይሰማል፤ በየትኛው ሀ፥ በየትኛው ሰ ይጻፍ ብሎ የሚከራከር ወላጅ አልነበረም። ብራና የሚጽፈው ደብተራው ነበርና፥ ክርክሩም ቢኖር በደብተሮች መካከል ይቀር ነበር።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የመታወቂያ አዋጅ ወጣ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ አባት የልጁን ስም ለቀበሌ ጸሐፊ ሲናገር ጸሐፊው ቀና ብሎ «በየትኛው ሀ ልጻፈው?» ይለዋል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የተመረጠው ፊደል ሕፃኑን ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ ፍርድ ቤት፥ ወደ ባንክ ይከተለዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ የክርስትና ወረቀት በአንድ ፊደል፥ የቀበሌው በሌላ ሲሆንም አንዱ ልጅ በወረቀት ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል።

ወላጆችም በዚህ ነገር አሳባቸው አንድ አይደለም። አንዱ «ድምፁ አንድ ከሆነ ፊደሉ ምን ያደርጋል? የሚቀለው ይጻፍ» ይላል። ሌላው ደግሞ የተለየው ፊደል ለልጁ ጌጥ ይመስለዋል፤ ከጎረቤቱ ልጅ እንዲለይለት ሲል ብቻ ሀን በሐ፥ ሰን በሠ ያስለውጣል። ሦስተኛው ካህኑን ጠይቆ፥ «ከመሠረቱ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጽፍ ነው። ሁሉም ልጃቸውን ስለሚወዱ ይህን ያደርጋሉ፤ ታሪኩን ለሚመረምር ግን ሦስቱ መንገዶች እኩል አይደሉም።

የቅኔ ቤት ተማሪ እነዚህን ፊደላት በየስማቸው ይማራቸዋል። ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ ይባላሉ፤ ንጉሡ ሠ፥ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፥ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፥ ፀሐዩ ፀ። ስም የተሰጣቸው እንዲያው ለመለየት ብቻ አይደለም። በአክሱም ዘመን እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ነበረው፤ በንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሕፈትም ተለይተው ይታያሉ። ኀ ከጉሮሮ ይወጣ እንደ ነበረ የሚያስረዳው፥ ግእዝ ኀምስቱ የሚለውን ዐረቦች ኸምሳ ማለታቸው ነው። ድምፁ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ እየጠፋ ሲሄድ ፊደሉ ብቻውን ቀረ፤ በመካከለኛው ዘመን የተጻፉ ብራናዎችም ሠን ከሰ፥ ሐን ከኀ ሲያቀላቅሉ ይገኛሉ። ስለዚህ ስሕተቱን የዛሬ ሰው ብቻ እንዳመጣው አድርጎ መውቀስ አይገባም፤ ጥንታውያን ጸሐፍትም አለበት።

የሰቆጣ ሰው በዚህ ነገር ልዩ ዕድል አለው። በገበያው አማርኛና ኽምጣኛ ይሰማል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ በአበርገሌ አቅጣጫ ትግርኛ አለ። ትግሬው ሐንና ሀን፥ ዐንና አን በአፉ ይለያል፤ ኀን ግን ወደ ሐ መልሶታል። እንግዲህ አንድ ስም በአንድ ገበያ ውስጥ በሁለት ድምፅ ይጠራል፤ አማራው የማይሰማውን ልዩነት ጎረቤቱ ይሰማዋል።

ምሳሌ እንመልከት። ሠርቀ ብርሃን በንጉሡ ሠ ሲጻፍ የብርሃን መውጫ ማለት ነው፤ ሠረቀ ወጣ፥ በራ ማለት ነውና። በእሳቱ ሰ ቢጻፍ ግን ሰረቀ የሌባ ግስ ስለ ሆነ፥ አባት ልጁን ሳያውቅ ብርሃን የሚሰርቅ አድርጎታል። አመተ ማርያም በአልፋው አ የማርያም አገልጋይ ናት፤ በዐይኑ ዐ ስትጻፍ የማርያም ዘመን፥ የማርያም ዓመት ትሆናለች። ይህ ሁለተኛው ክፉ ትርጉም ባይሆንም ወላጆቹ ያሰቡት እርሱን አይደለም። ምሕረት የሚለው ስም በሐመሩ ሐ ከይቅርታ ይወለዳል፤ በሃሌታው ሀ ከተጻፈ መሀረ፥ አስተማረ ወደሚለው ግስ ያዘነብላል። ልጅቱን ትምህርት ብሎ መጥራት ነውር አይደለም፤ እናቲቱ በምጥ ጊዜ የለመነችው ግን ምሕረትን ነበር።

የፊደል አክባሪ የሆነውም ይስታል፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከቸልተኛው ይልቅ እርሱ ይስታል። ሐመሩን ሐ ከፍ ያለ መስሎት ሃይማኖትን ሐይማኖት፥ ብርሃንን ብርሐን፥ አብርሃምን አብርሐም ብሎ የሚያስጽፍ አባት ብዙ ነው። ሦስቱም በሃሌታው ናቸው። በአንጻሩ ሕይወት፥ ሐናና ዮሐንስ በሐመሩ ናቸው፤ እነዚያን ደግሞ ሌላው ሰው በሃሌታው ይጽፋቸዋል። ጽዮንና ጸጋ በጸሎቱ ጸ ሲሆኑ በፀሐዩ ፀ የታተሙበት ወረቀት ተቈጥሮ አያልቅም። ይልቁንም የሚያስቀው፥ ስለ ስም አጻጻፍ ሊከራከር የተነሣው ሰው ራሱን ስምን በንጉሡ ሠ ጽፎ መገኘቱ ነው፤ ስም በእሳቱ ሰ ነውና።

ዋግ በዚህ ጉዳይ ታላቅ ታሪክ ያለው ምድር ነው። የዋግ ሹሞች ቤት ከዛጔ ነገሥታት እንደሚወርድ ይናገራል፤ የዛጔ ነገሥታትም በስማቸው ሁለት ቋንቋ ያስተባበሩ ነበሩ። ላሊበላ የሚለው ስም የአገው ቃል ነው፤ ገድሉ እንደሚተርከው በተወለደ ጊዜ ንብ ከብቦት ታይቷልና፥ ንብ ጸጋውን ዐወቀችለት ሲባል እናቱ አወጣችለት። በግእዝ ደግሞ ገብረ መስቀል ተባለ፤ ንግሥቲቱም መስቀል ክብራ ናት። የእናት ቋንቋ ስም በአንድ ወገን፥ የቤተ ክርስቲያን ስም በሌላ ወገን ሆኖ፥ ሁለቱም በአንድ ፊደል ተጻፉ። ላሊበላ ሲጻፍ የግእዝ ሥር አልተፈለገለትም፤ ጸሐፊው እንደ ሰማው ጻፈው። ይህን ልብ ማድረግ ይገባል፤ በኋላ ይጠቅማልና።

የሌሎቹ ነገሥታት ስም ግን ሥር አለው፤ ሕዝቡም በአፉ እያሳጠረው ሥሩ ተሸፍኗል። ይምርሐነ ክርስቶስ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው፤ መርሐ በሐመሩ ሐ ነው። በዋሻ ውስጥ የታነጸው ደብሩ በስሙ ይጠራል፤ በብዙ ጽሑፍ ግን ይምርሃነ ሆኖ ይነበባል። ነአኵቶ ለአብ ደግሞ ከቅዳሴ የተወሰደ ነው፥ አብን እናመስግን ማለት ነው፤ ሰው ናኵቶ ለአብ እያለ ሲጠራው ምስጋናው ከስሙ ወጥቶ ድምፁ ብቻ ይቀራል። በሰቆጣ አጠገብ ከዐለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስም እንዲሁ ነው፤ ለ የሚለው ግዕዝ ፊደል ወደ ሳድስ ሲወርድ የክርስቶስ መስቀል የነበረው መስቀል ክርስቶስ ሆኖ ሁለት ስም ይመስላል።

ከዋግ ሹሞች መካከል ዐፄ ቴዎድሮስ ያስገደሉት ገብረ መድኅን ይታወቃል። መድኅን በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ድኅነ፥ ዳነ ከሚለው የመጣ ስለ ሆነ የመድኃኔ ዓለም ስም አለበት። ዛሬ ፊደሉን ገድፈው ገብረ መድን የሚያስጽፉ አሉ። በአማርኛ መድን ማለት ለንብረት ጥፋት ካሣ የሚከፍል ድርጅት ከሆነ ወዲህ፥ ልጁ የአዳኙ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ይመስላል። የዚህ የገብረ መድኅን ልጅ ጎበዜ ነው። ጎበዜ የቤት ስም ነው፥ ግእዝም አይደለም፤ ሲጻፍ የሚያከራክር ፊደል የለበትም። በ1860 ዓ.ም. ሲነግሥ ግን ተክለ ጊዮርጊስ ተባለ፤ እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሦ በአድዋ አጠገብ በበዝብዝ ካሣ ድል ሆነ። ከስሙ በፊት የሚጻፈው የማዕርግ ስም እንኳ አንዱ ዐፄ፥ አንዱ አፄ፥ አንዱ አጼ፥ የጥንቱም ሐፄ እያለ ይጽፈዋል። የአገሩ ሰው ግን እስካሁን ዋግሹም ጎበዜ ነው የሚለው። በ1930 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ ላይ ተነሥተው የተሠዉት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም ስማቸው በብዙኃኑ ኀ ነው፤ በየጽሑፉ ግን በሦስቱም ሀ ተጽፎ ይገኛል። አርበኛ በስም ሲዘከር ስሙ ሦስት ዐይነት መሆኑ ለታሪክ ፈላጊ አያመችም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የግእዝ ሥር ላለው ስም ነው። ለዚህ መፍቻው በእጅ አለ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፥ እርሳቸው በ1936 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ እያንዳንዱን ቃል በሥሩ ያሳያል። የጀርመኑ ሉዶልፍም ከመካነ ሥላሴው ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ እነዚህን ፊደላት ለይቶ በመዝገበ ቃላቱ አስቀምጧል። ባዕድ ሰው በ17ኛው መቶ ዓመት ለይቶ ያስቀመጠውን የሀገር ልጅ ለልጁ ስም ሲል አንድ ጊዜ ገልጦ ቢያይ ብዙ ድካም አይደለም።

የአገው ስም ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህም አንዳንድ ካህናት ከመጠን ያልፋሉ። በኽምጣኛ ለተሰየመ ሕፃን የግእዝ ሥር ፈልጎ ማስተካከል፥ ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ቈርጦ እንደ መለጠፍ ነው። የዞኑ ስም ራሱ ምስክር ነው። አንዱ ዋግ ኽምራ፥ አንዱ ኸምራ፥ አንዱ ሕምራ፥ ሌላውም ህምራ ይላል። ሕምራ የሚሉት በኸ መጻፍ ያሳፍራቸዋል፤ ኸ ከግእዝ ፊደል አይደለም፥ ለአማርኛ ሲባል ከከ ላይ የተቀጠለ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የአገው አፍ የሚያወጣው ድምፅ ሐ ሳይሆን ኸ ነው፤ በግእዝ ፊደል ብቻ ይጻፍ ከተባለም የሚገባው ብዙኃኑ ኀ እንጂ ሐመሩ ሐ አልነበረም፥ የኀ የጥንት ድምፁ ኸ ነበርና። ሊቃውንት በመጽሐፍ የሚፈልጉት የጠፋ ድምፅ በሰቆጣ ገበያ በእናቶች አፍ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ ስም ላይ ፍርዱ የእናቲቱ ጆሮ መሆን ይገባዋል፤ ላሊበላን የጻፈው ጸሐፊም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የቋንቋው ስም ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በመጨረሻው ላይ በአፍንጫ የሚወጣ፥ ንና ግ የተዋሐዱበት የሚመስል ድምፅ አለው፤ አማርኛ የለውም። ስለዚህ አንዱ ኽምጣኛ፥ አንዱ ኽምጣንጋ፥ አንዱ ኻምታንጋ ብሎ ይጽፋል። ለዚህ ድምፅ ጘ የሚል ፊደል ተበጅቶ በብሌን፥ በአዊና በኽምጣ ጽሕፈት ያገለግላል። ቋንቋው ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ በአካባቢው ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ልጅ የሚያነበውን ፊደል አባት የማያውቅበት ቤት አለ።

በውጭ አገር መንግሥት በዚህ ነገር የሚገባበት አለ። አይስላንድ በ1991 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የስም ኮሚቴ አቁማ፥ ዐዲስ ስም ከቋንቋዋ ሰዋስውና አጻጻፍ ጋራ የሚስማማ መሆኑን ታስመረምር ጀመር። በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕፃኑን ስም አባት እንዲያወጣ፥ እናትም ሌላ ስም ልትጨምርለት እንደምትችል ይደነግጋል። እናት እዚህ መነሣቷ ለዋግ መልካም ነው፤ የአገው ስም የሚመጣው ብዙ ጊዜ በእርሷ በኩል ነውና።

ወደ ባሕር ማዶ የሚሄደው ልጅ ደግሞ ሌላ መከራ ያገኘዋል። በፓስፖርቱ ላይ ሃሌታው፥ ሐመሩና ብዙኃኑ ሦስቱም ኤች የምትባል አንዲት የላቲን ፊደል ይሆናሉ፤ ዐይኑና አልፋውም አንድ ይሆናሉ። በዚያ አገር የሚወለደው የልጅ ልጅ አያቱ በየትኛው ሀ እንደ ተጻፈ ሊያውቅ ቢፈልግ ከላቲኑ አያገኘውም። ያለው ተስፋ በሰቆጣ ደብር የቀረው የክርስትና ወረቀት ነው፤ እርሱም የጻፈው ካህን በዚያ ቀን ጠይቆ ጽፎት እንደ ሆነ።