ውጅግራ፤ የአንድ ጥይት ጠመንጃ በአደንና በሕግ ፊት

በቀረርቶና በፉከራ የሚወደሱት የነፍጥ ስሞች አብዛኞቹ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር፣ ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊከር ሲሆን፣ በልጅግ የቤልጅጎች ሥራ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ አንደበት የተገራው ግን ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ይህ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው ተመረጠ። ከ12 ዓመት በኋላ ባለመጋዘኑ ለቤል ሲተካው፣ ከአገልግሎት የወጣው ውጅግራ በቀይ ባሕር ዳርቻ ነጋዴዎች እጅ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። የአንድ ጥይት ጠመንጃ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅ ጦር ድል ሲመታ ረሚንግተኑ ተማርኮ ቀርቷል።

ውጅግራ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ተኳሹ መቀርቀሪያውን ስቦ ቀለሃውን ያስወጣል፤ ሌላ ያጎርሳል፤ እንደገና ያነጣጥራል። ባሩዱ ጥቁር በመሆኑም ጢሱ አውሬውን ከአዳኙ ዓይን ይጋርዳል፤ አዳኙ ያደፈጠበትንም ሥፍራ ይገልጣል። ታዲያ አዳኝ ስለምን ወደደው? 11 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ አረሩ ከባድ ነው። ዋጋው ከአዳዲሶቹ ይረክሳል፤ ቀለሃውም ተለቅሞ ዳግም ሊሞላ ይችላል። ጥይቱ ደግሞ በየገበያው እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበርና መሳት ማለት ገንዘብን ዱር ውስጥ መበተን ነበር። የአነጣጣሪው ትዕግሥት ከባሕርይው ብቻ ሳይሆን ከኪሱም የመነጨ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁንና ምርጫው የአዳኙ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ውል፣ የባሪያ ንግድን ለመግታት በሚል፣ ከሰሜን 20ኛ እስከ ደቡብ 22ኛ ኬክሮስ ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ገደበ። አፍሪካን በሚከፋፈሉት መንግሥታት እጅ ያለው ጠመንጃ ግን በውሉ አልተነካም። ቢሆንም ነፍጡ መግባቱን አላቋረጠም፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ውጅግራም ተሰልፏል። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ወደ ኢትዮጵያ ስለሚገባው መሣሪያ እርስ በርሳቸው ተስማሙ። ኢትዮጵያ ራሷ ተካፋይ የሆነችበት የመሣሪያ ውል እ.ኤ.አ. በ1930 ተፈረመ። አምስት ዓመት ቆይቶ የፋሺስት ወረራ ሲቃረብ ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ፋብሪካ ያላት ኢጣሊያ ነበረች፤ ጉዳቱ የወደቀው በማን ላይ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ነፃነትን ያስከበረው ነፍጥ በደቡብ ሌላ ገጽታ ነበረው። በሲዳማና በአጎራባች አገሮች የሠፈረው ወታደር «ነፍጠኛ» የተባለው ከመሣሪያው ተነሥቶ ነው፤ አራሹም ገባር ሆኖ ተመደበለት። የዝሆን ጥርስ ንግዱም ከዚሁ ጠመንጃ አፈሙዝ የሚቀዳ ነበር። የዱር አራዊቱ ሕግ ዘግይቶ ደረሰ፦ እ.ኤ.አ. በ1909 በዐፄ ምኒልክ ዘመን አደንን፣ በተለይም የዝሆንን፣ የሚገድብ ድንጋጌ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 አዋጅ ቁጥር 61፣ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የዱር አራዊት ጥበቃ ደንብ ተከተሉ።

ዛሬ አዳኝ ነኝ የሚል ሰው ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጠመንጃ መያዝን የሚመለከተው በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ነው፤ አደኑን የሚመለከተው የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 541 ነው። አንደኛው ወረቀት ሌላውን አይተካም። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው ሰንቀሌ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቆርኬ በሕግ ተከልሎ ይኖር ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ማግስት ጠባቂ ሲጠፋ፣ በሺህ ይቆጠር የነበረው መንጋ ወደ መቶዎች ወረደ። ያን ጊዜ ውጅግራ ከአዳኝ ትከሻ ከወረደ ቆይቶ ነበር።