ከካቻቪቴው በፊት የነበረው መጥረቢያ

አየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ መቀስህን አውጣ የተባለ መንገደኛ «በዚች ደግሞ ማንን ልጠልፍ ነው?» ብሎ ሲነጫነጭ ያልሰማ የለም። ጥያቄው የዋዛ አይደለም።

አሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ተሳፋሪን ሁሉ መፈተሽ የጀመረችው ጠለፋ ሲበዛባት እ.አ.አ. በጥር 1973 ነው። ስለት ግን ብዙም አላስጨነቃትም። ከ4 ኢንች (10 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ያነሰ ቢላ ይዞ መሳፈር እስከ 2001 ድረስ ይፈቀድ ነበር። ከዚያ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. መጣ። እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር 19 ሰዎች አራት አውሮፕላን ጠለፉ፤ ቢላም ከእጅ ሻንጣ ታገደ።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የደረሰብንን ግን ዓለም ልብ ያለው አይመስለኝም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ሦስት ሰዎች ጠለፉት። «ቦምብ ነው» ያሉት የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። እጃቸው የገባው መጥረቢያ ደግሞ ለእሳት አደጋ ተብሎ አውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጠ ነበር! አውስትራሊያ ውሰደን አሉ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸውም አልሰሙም። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125 አለቁ።

እንግዲህ የዚያን ቀን የተሳፋሪው ሻንጣ እስከ መርፌ ድረስ ቢበረበር መጥረቢያው የትም አይሄድም ነበር። ጠላፊዎቹን ያስገባው የአብራሪዎቹ ክፍል በር ነው። አሜሪካ በሩ እንዲጠነክር አስገድዳ የጨረሰችው በ2003 ነው፤ ለእኛ ሰዎች ሰባት ዓመት ዘግይቶ።

በሩ ከጠነከረ በኋላ ደንቡ መላላት ጀመረ። በታኅሣሥ 2005 አሜሪካ እስከ 4 ኢንች ስለት ያለው መቀስና እስከ 7 ኢንች የሚደርስ ካቻቪቴ ፈቀደች። በ2013 ትንንሽ ሴንጢም ልትፈቅድ ስትል የበረራ አስተናጋጆች ተነሱ። እውነታቸውን ነው። አብራሪው ከብረት በር ጀርባ ነው፤ ከሰካራም ተሳፋሪ ፊት የምትቆመው አስተናጋጇ ናት። በሰኔ ወር ሐሳቡ ተሰረዘ።

ዛሬም ልኩ በየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካ 7 ኢንች 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ግን ዘንጉ ከ6 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ካቻቪቴ በእጅ ሻንጣ አያሳልፍም። ከዋሽንግተን በሰላም የወጣ መካኒክ ፍራንክፈርት ላይ እንደገና ከተፈተሸ መሣሪያውን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ በመሣሪያው የሚያድር ሰው፣ ፀጉር አስተካካይም ሆነ ልብስ ሰፊ፣ ስለቱን ለጭነት በሚያስረክበው ሻንጣ ቢያስገባ ይሻለዋል። ሰገባ ከሌለው ጫፉን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ይሰር፤ ሻንጣውን ከፍቶ እጁን የሚሰድ ፈታሽ አለ።