ከተማ በስንት ቀን ይቆረቆራል?

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝና የጅቡቲው ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ዑመር ጌሌ በለቡ ጣቢያ ተገኝተው አዲሱን የኢትዮ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መርቀው ከፈቱ። የፊተኛው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያረፈው ለገሃር ነበር። የከተማዋ የባቡር በር ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ደቡብ ወርዶ ፉሪና ለቡ ላይ ተተከለ። ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትናንት የጤፍና የስንዴ ማሳ የነበረ መሬት ዛሬ ከባሕር የሚመጣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚረግጠው ሆኗል። ሆኖም ያን ቀን የልደት ቀን ብሎ የሚዘክረው የለም። አዲስ አበባ ልደቷን የምትቆጥረው ከኅዳር 1879 ዓ.ም. ጀምራ ነው።

የእቴጌዋ ቤት

የኅዳሩ ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ ግቢያቸው እንጦጦ ላይ ነው። እንጦጦ ለጠላት የማይመች፣ ለጠባቂ የሚመች ምሽግ ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ ያስመርራል፤ ውኃም ስንቅም ወደ ላይ ማውጣት አድካሚ ነው። መኳንንቱ ከነቤተሰባቸው ፍልውሃ እየወረዱ መታጠብ ያዘወትሩ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው እንደጻፉት፣ ጣይቱ ብጡል ቦታውን ወደዱት፤ ቤት መሥሪያ እንዲሰጣቸው ንጉሡን ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ንጉሡ ወደ ሐረር ዘምተው በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ ድል ሲያደርጉ፣ ከእንጦጦ በታች ያለው ቤት ወጥቶ ቦታው አዲስ አበባ መባል ጀምሮ ነበር።

መኳንንቱም ተከተሉ። አሰፋፈሩ ከዘመቻ ድንኳን አተካከል የተቀዳ ነው፤ የንጉሡ ግቢ መሐል ላይ፣ አለቆቹ በየማዕረጋቸው በዙሪያው፣ ጭፍራው ደግሞ በአለቃው ዙሪያ። ለዚህ ነው ሰፈሮቻችን ዛሬም የሰው፣ የሙያና የዘመቻ ስም ተሸክመው የሚኖሩት፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ወደ እኛ ወረድ ሲሉም ጎፋ ሰፈር።

ይሁን እንጂ በ1879 ዓ.ም. የተጀመረው ነገር ጸንቶ ለመቅረቱ ማንም ዋስትና አልነበረውም። የሸዋ ነገሥታት ከተማ ሲለዋውጡ የኖሩ ናቸው፤ ከእንጦጦ በፊት አንኮበርም ልቼም ነበሩ። ምኒልክ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥት ተብለው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የተቀቡት ፍልውሃ አጠገብ ሳይሆን እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማዋ ቆየት ስትል ደግሞ ማገዶ አለቀ። በዙሪያዋ ያለው ደን ተመንጥሮ እንጨት ከሩቅ በአጋሰስ መምጣት ሲጀምር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ምዕራብ ተሻግረው አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ጀመሩ። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይበቅላል፤ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ጥቂት ዓመታት አልፈው ኮረብታውን ሁሉ አለበሰው። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። በ1900 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በባለቤትነት የሚያዝበት፣ የሚሸጥበትና የሚወረስበት ደንብ ሲወጣ ሰፋሪው ድንኳኑን ነቅሎ የሚሄድበት ዘመን አበቃ። ባቡሩ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ተቋጨ። እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ቆርቋሪው ቀን የትኛው ነው?

እንግሊዛዊው ያየው ሸለቆ

ከልደት ቀኑ ጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ቦታው ባዶ ነበር ወይ? መልሱ ከጣይቱ ቤት 45 ዓመት ቀደም ብሎ በአንድ እንግሊዛዊ እጅ ተጽፏል። ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከቦምቤ መንግሥት፣ ማለትም ከእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ፣ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከ መልእክተኛ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ከንጉሡ ዘመቻ ጋር ወጥቶም ፊንፊኔን አየ። እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አንድ ለምለም ሸለቆ ይተርካል፤ መንደሩ ብዙ፣ እርሻው የተንጣለለ፣ ከብቱ የበዛ ሸለቆ። ቀጥሎ የተረከው የዘመቻውን ቀን ነው፤ ጎጆዎቹ ሲነዱ፣ መንጋው ሲነዳ። ስለዚህ የምኒልክ አያት ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጃቸው እዚህ ከተማ እንደሚሠራ ተናገሩ የሚለው ትውፊት ሲነገር፣ በዚያው ሸለቆ የኦሮሞ ገበሬዎች ሲያርሱና ሲያረቡ እንደኖሩ አብሮ መነገር አለበት።

የሃሪስ ላኪ ኩባንያ ሌላ ዘመድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1607 ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ እንግሊዛውያንን አሜሪካ ያደረሰው የቨርጂኒያ ኩባንያም እንደ ምሥራቅ ሕንዱ ሁሉ በንጉሥ ቻርተር የተቋቋመ የባለአክሲዮኖች ማኅበር ነበር። ሰፋሪዎቹ መንደራቸውን በንጉሡ ስም ጄምስታውን አሉት። ያረፉበት መሬት የፓውሃታን አለቃ የሚገዛው፣ ነዋሪ ያለው አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1609 መጨረሻ በገባው ክረምት ሰፋሪው በረሀብ አለቀ፤ ከብዙ መቶዎች የተረፉት ስድሳ ገደማ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1619 ደግሞ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በመርከብ ተጭነው ቨርጂኒያ ደረሱ።

የእኛን ከተማ ከቅኝ ገዢ ሰፈራ ጋር እኩል ማድረግ ልክ አይሆንም። አመጣጡም፣ ሕዝቡም፣ ኋላ የሆነውም ይለያያል። ትምህርቱ ያለው ግን በአዘካከሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 የጄምስታውን 300ኛ ዓመት በታላቅ ኤግዚቢሽንና በመርከብ ሰልፍ ተከበረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለ400ኛው ዓመት ንግሥት ኤልሳቤጥ በተገኙበት ዝግጅት አዘጋጆቹ ነገሩን ከፈንጠዝያ ይልቅ ወደ መታሰቢያ አዞሩት፤ የነባር ሕዝቦችና የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክም ከሰፋሪዎቹ ታሪክ ጎን ቦታ አገኘ። ልዩነቱን ያመጣው የመቶ ዓመት ክርክር ነው።

እኛም ጅምሩ አለን። በ1979 ዓ.ም. የከተማዋ መቶኛ ዓመት ሲዘከር ምሁራን ተሰብስበው የአዲስ አበባን ታሪክ በጥናት መረመሩ፤ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ቤትም የከተማዋ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢሬቻ ከረጅም ዘመን በኋላ በሆረ ፊንፊኔ ተከበረ፤ እርጥብ ሣርና አበባ የያዘ ሕዝብ መስቀል አደባባይንና አካባቢውን ሞላው። አንዱ የከተማዋን መቆርቆር ያስታውሳል፤ ሌላው ከመቆርቆሯ በፊት የነበረውን። ሁለቱም የአንድ ቦታ ትዝታ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ግን በአንድ መድረክ አልተገናኙም።

በደቡብ በኩል

ወደ ክፍለ ከተማችን ስንመለስ መቆርቆር ያላባራ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። መጀመሪያ ሬዲዮ መጣ። ጎረቤታችን አቃቂ በ1927 ዓ.ም. ኃይለኛ የሬዲዮ ጣቢያ አገኘ፤ ጣሊያን ከመውረሯ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ወደ ውጭ የተላለፈው ከዚያ ነው። ንፋስ ስልክም ስሙን የያዘው ከዚሁ ሽቦ አልባ መገናኛ ነው። ከነጻነት በኋላ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች ተደረደሩ፤ ሳሪስ በሠራተኛ ሞላ፤ ንፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ የሰፈሩን ስም በየቆርቆሮው ላይ ይዞ አገር ዞረ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ንፋስ ስልክና ላፍቶ በአንድ ስም ተጣመሩ።

ትልቁ መቆርቆር ግን የኮንዶሚኒየሙ ነው። ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ጀሞ ላይ ብሎኮቹ ሲነሱ፣ ዕጣ የወጣለት ከየአቅጣጫው መጣ፤ ከመሐል ከተማ ቤቱ የፈረሰበትም፣ ሲከራይ የኖረውም። መብራቱና ውኃው ገና ሳይረጋ የመጀመሪያው ተቋም ዕድር ሆነ። አንድ ብሎክ ሰው እንደገባበት ስም የሚመዘግብ ሰው ይገኛል፤ መዋጮ ይቆረጣል፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን ይገዛል፤ ኮሚናሉ ለድግስና ለለቅሶ ይሰናዳል። አራተኛ ፎቅ ላይ በሬ አይታረድም፤ ታች ያለው የጋራ ቤት ግን ይችለዋል። ትናንት የማይተዋወቁ ሰዎችን ጎረቤት ያደረገው ይህ መዝገብ ነው። የጀሞን ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ከማንኛውም የምረቃ ንግግር ይልቅ የዕድሩን የመጀመሪያ ገጽ ቢያይ ይሻለዋል፤ ማን መቼ እንደገባ፣ ከየት እንደመጣ፣ መጀመሪያ የተቀበረው ማን እንደሆነ እዚያ ይገኛል።

የዕድሩ መዝገብ የማይዘው ደግሞ አለ። ብሎኮቹ ከመነሳታቸው በፊት መሬቱን የሚያርሱ ቤተሰቦች ነበሩ። ካሳ ተቀብለው ከእርሻ ወጡ፤ አንዳንዱ በካሳው ቤት ሠራ፤ አንዳንዱ ጥበቃና የቀን ሥራ ገባ። የኩሬውን፣ የጅረቱን፣ የጉብታውን ስም በአፋን ኦሮሞ አንድ በአንድ የሚቆጥሩት እነሱና አዛውንቶቻቸው ናቸው። ይህን ለማግኘት ቁፋሮ አያስፈልግም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

አዲስ አበባ 150 ዓመት የሚሞላት በኅዳር 2029 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ መድረኩ እንደ ልማዱ ፍልውሃና እንጦጦ ላይ ቢተከል ተገቢ ነው፤ የእቴጌዋ ድርሻ ሊታለፍ አይችልም። በአንድ ቀንና በአንድ ቤት ብቻ ከተወሰነ ግን ግማሽ ታሪክ ይሆናል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ዕድሮች ከአሁኑ ቢጀምሩ ሦስት ጥያቄ ይበቃቸዋል፤ ከእኛ በፊት ማን ነበር? እኛ ከየት መጣን? ለእኛ ሲባል ማን ተነሣ? የላፍቶ ተማሪ በሳምንቱ መጨረሻ አንድ አዛውንት ጠይቆ መልሱን ቢጽፍ፣ ዕድሩ ያንን ቢያስቀምጥ፣ ሙዚየሙ ተቀብሎ ቢያሳይ፣ የ2029 በዓል ከንግግርና ከኬክ የበለጠ ነገር ይኖረዋል። ጠያቂው ልጅ ግን መቸኮል አለበት፤ የሚጠየቁት ሰዎች 2029ን እንዲጠብቁ ማስገደድ አንችልም።